አባቴ የመሰከረብኝ ቀን

አባቴ የቀበሌያችን ዳኛ በነበረባቸው ዓመታት ወደ ችሎት ሲሄድ ቆሎውን በኪሱ ይዞ ነበር የሚወጣው። ከተከራካሪ ቤት እህል እንዳይቀምስ ነው። ችሎቱ የሚቀመጠው ሐሙስ ሐሙስ ነበርና ጠዋት እናቴ ገብስና ሽምብራ ቆልታ በጨርቅ ትቋጥርለታለች፤ እሱም ጋቢውን ደርቦ፣ ዘንጉን ይዞ ይወጣል። መንገድ ላይ ነገር ያለበት ሰው ሁሉ "እስቲ ጎራ ይበሉ፣ ጠላ ይቅመሱ" ይለዋል። የሱ መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ "ሐሙስ አልጠጣም።"

እናቴ በዚህ ነገር ትቃጠል ነበር። የሌላ ቀበሌ ዳኞች ሚስቶች በየበዓሉ የበግ እግር ሲላክላቸው ትሰማለች፤ እኛ ቤት የሚመጣ ቢኖር ደብዳቤ ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ኋላ እንዳይቆጭዎ" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ የሚያናድደው ነገር፣ ከልቡ ነበር የሚስቀው።

ሕግን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ከቄስ ፊደል ቆጥሮ፣ ጎረምሳ ሲሆን የወረዳችን ከተማ ወገዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ እየተቀመጠ የሰው ክርክር ሲያዳምጥ ነው የተማረው። መጀመሪያ ለዘመድ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ በኋላም ለማያውቀው ሰው ጥብቅና ይቆም ጀመር። እግሩ ያልረገጠው ችሎት አልነበረም፤ ከስማዳ እስቴ፣ ከእስቴ ጋይንት በእግሩ ይሄዳል። መንግሥት ተለውጦ አዲስ ቀበሌ ሲቋቋም ሕዝቡ ተሰብስቦ "እርስዎ ይዳኙን" አለው። ከዚያ በኋላ ጥብቅናውን ተወ። ሰው ስሙን ትቶ "ዳኛው" ይለው ጀመር፤ እኔም "የዳኛው ልጅ" ሆንሁ።

ቤታችን ውስጥ እንስራ ቢሰበር ክስ ይከፈታል። ማን አየ፣ ማን ነበረ፣ በስንት ሰዓት ነው እያለ ይጠይቀናል። "አላውቅም" ማለት አይቻልም፤ "አላውቅም ወይስ አልናገርም?" ብሎ ይመልስልሻል። እኔን ግን ይወደኝ ነበር ማለት እችላለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል አስተምሮኛል፤ በዚያ ጊዜ የገበሬ ሴት ልጅ እስከዚያ አትደርስም። የእጅ ጽሑፌ ከሱ ስለሚያምር ውሳኔ ሲገለብጥ አጠገቡ ያስቀምጠኝና "ጻፊ" ይለኛል። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ጭብጥ፣ የምስክር ቃል እያለ ሲያወርድልኝ በዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ እስቴ ተዳርሁ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለኔ ግን ሰው አልሆነኝም። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ መተማ ወረደ። በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ ሴት አስከትሎ መጣ። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስገባ ሴትዮዋ ምድጃዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። እንስራዬን አወረድሁ፣ ልብሴን ቋጠርሁ፣ በመጣሁበት መንገድ ወደ አባቴ ቤት ተመለስሁ። አላለቀስሁም። ለማልቀስ ቤቱ የራሴ መሆን ነበረበት።

ሽማግሌ ተላከ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተያዘ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባሌ ቀረ። በሦስተኛው ሽማግሎቹ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀውት፣ "እንግዲህ ልጂቱ ባል የላትም" ብለው ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ። በኛ አገር ትዳር የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ "ፈት" ይልሻል፤ አለቀ። አባቴ ብቻ "ወረቀት ያስፈልግሻል" አለኝ። "ክሱ የሚቀርበው ተከሳሹ ባለበት ነው፤ እስቴ ሂጂና ፍቺውን አጸድቂ" አለ። እኔ ያንን ሰው ዳግመኛ በዓይኔ ላላየው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና አልሄድሁም። ያኔ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ይህን ጥፋቴን አልክድም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ተቀመጥሁ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ከጥምቀት በኋላ ውድማው ሁሉ ተጠራርጎ ሲያልቅ፣ መሬት ይደለደላል የሚል ወሬ መጣ። ብዙ ያለው ይቀነስበታል፣ የሌለው ያገኛል ተባለ። ከሁሉ በላይ ጆሮዬን ያቆመው ሌላው ነበር፤ መበለትም ፈትም በራሷ ስም ትቆጠራለች የሚለው። ሴት በራሷ ስም መሬት ስትይዝ እናቴም አያቴም አይተው አያውቁም።

ኮሚቴው ቤት ለቤት ሲመዘግብ ስሜን ሰጠሁ። መዝጋቢው የትምህርት ቤታችን መምህር ነበር፤ "ፈት" ብሎ ጻፈ። ሰው የሚናቅበት ቃል ነው፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሚደርሰኝ ሁለት ጥማድ መሬት ነው። ሴት አታርስም፤ መሬት ካላት ግን ለአራሽ በእኩል ትሰጥና ግማሹን እህል ታስገባለች። እኔም አሰብሁት። ከአባቴ ግቢ ጥግ ትንሽ ጎጆ፣ አንድ ጎታ ገብስ፣ ሁለት ዶሮ። ማንም "የማን ሚስት ነሽ?" የማይለኝ ቤት። ሌሎች ምን ያህል ይመኙ እንደነበር አላውቅም፤ የኔ ይኼው ነበር።

ዝርዝሩ ለሕዝብ የሚነበብበት ቀን ከገበያው በታች ካለው መስክ ላይ ተሰበሰብን። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠናል። ሰብሳቢው ስም ይጠራል፤ ተቃውሞ ያለው ይነሣል፤ ከሌለ ያልፋል። የኔ ስም ሲጠራ ከማዷችን የሚኖረው ጎረቤታችን ተነሣ። ሦስት ጎረምሳ ልጆች ነበሩትና አንዱ ሳይቆጠርለት ቀርቷል።

"በክፉ አይያዝብኝ" አለ። "የዚች ልጅ ባሏ እስቴ በሕይወት አለ። እዚያም እዚህም ልትቆጠር ነው ወይ?"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሽማግሌ ጨርሶላት የለም ወይ፣ ሰውየው ሌላ አግብቶ የለም ወይ እያለ። ሰብሳቢው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘና ወደ አባቴ ዞረ። "አባታችን፣ እርስዎ ይንገሩን። እርስዎ ካሉ እኛ ሌላ ምስክር አንፈልግም" አለው።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ተቃዋሚው ራሱ የተረታ መስሎት ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ነበር። አባቴ ዘንጉን ተደግፎ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ችሎት ላይ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ።

"ጉባኤው ጠይቆኛልና እውነቱን እናገራለሁ" አለ። "ልጄ ከባሏ ከተለየች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ነገር ግን በሕግ አልተፋታችም።"

ሰብሳቢው ግራ ገባው። "ሽማግሎቹ ባል የላትም ብለው ተነሥተው የለም እንዴ?"

"ተነሥተዋል። መነሣት ውሳኔ አይደለም።"

መምህሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። አባቴን እንጂ እኔን አላየኝም። "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለው፤ ዓይኑ ግን አስቡበት ይላል።

"ባለትዳር ብለህ ጻፍ።"

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው "አይ አባት" አሉ። መምህሩ ማስመሪያውን አወጣና ስሜን ሰረዘው። በእጁ ጫር አድርጎ መሰረዝ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ጥንቁቅ ሰው ስለነበረ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት። ቀጣዩ ስም ተጠራ። እኔ ተነሥቼ ሄድሁ። በዚያ ቀን አባቴን ጠላሁት፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

እናቴ ማታ እስኪሆን አልጠበቀችም፤ ገና ከበር ሲገባ ጀመረችው። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ እሰማ ነበር" አለችው። "ምን ልሁን ብለው ነው? ልጅዎን በአደባባይ ባዶዋን አስቀሯት።"

"አላስቀረኋትም። መብቷ እስቴ ነው። ክስ እከፍታለሁ፤ እዚያ ታገኛለች።"

"ባሏ እዚያ ያቺን ሴት አስቆጥሮ እንደሁስ?"

"በሐሰት ያስቆጠረ ይነሣበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

እናቴ ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ቃል አልተናገረችውም። አንድ ነገር ብቻ አደረገች፤ በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ ቆሎ አልቆላችለትም። ሳይዝ ሄደ፤ ሳይበላ ተመለሰ።

ክሱን ራሱ ጻፈው። እንደ ድሮው አጠገቡ አስቀምጦ "ጻፊ" አለኝ፤ እኔም ጻፍሁ። አሁን ሳስበው የዚያን ቀን እስክሪብቶውን አልይዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሌላ ማን ነበረኝ? የበደለኝም የሚከራከርልኝም እሱ ነው። የእስቴ ፍርድ ቤት ካለበት ከመካነ ኢየሱስ ለመድረስ ከኛ መንደር አንድ ቀን ሙሉ ይኬዳል። ንጋት ላይ ተነሥተን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ሳንነጋገር እንጓዛለን። ዳኛው ስብሰባ ሄዷል ይባላል፣ እንመለሳለን። ተከሳሹ መጥሪያ አልደረሰውም ይባላል፣ እንመለሳለን። አባቴ በያንዳንዱ ቀጠሮ ጋቢውን እያጠበ ይለብሳል። ለሱ ይኼ ሁሉ ደስታ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ከጥብቅና ከተለየ ዓመታት አልፈውት ነበርና የችሎት ደጃፍ ናፍቆታል።

ባሌ በመጨረሻ የመጣው ያችን ሴት ይዞ ነው። አርግዛለች። ከቀበሌውም ማስረጃ አምጥቷል፤ ባልና ሚስት ሆነው ተቆጥረው መሬት ተረክበዋል። ዳኛው ጺሙ እንኳ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነበር፤ አባቴን "አባት" እያለ በትሕትና ሰማው። አባቴም ተናገረ። ያን ያህል አምሮለት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ቁጭ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል። ለትንሽ ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ እኔም ኮራሁበት።

ውሳኔው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ፍቺዬ ጸደቀ። ሁለተኛ፣ መሬቱ በሕዝብ ጉባኤ ተደልድሎ ስለተዘጋ ፍርድ ቤቱ አይነካውም። አባቴ የፍቺውን ወረቀት ተቀብሎ ማኅተሙን በፀሐይ አየው፣ በጥንቃቄ አጠፈው፣ ሰጠኝ። "አሁን ነፃ ነሽ" አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቀበሌያችን ሄድሁ። ሰብሳቢው አንብቦት ራሱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ ዝርዝሩ ወረዳ ከገባ ቆየ። ሁለቱ ጥማድም ለሰው ተሰጥቷል" አለኝ። ለማን እንደተሰጠ አልጠየቅሁትም። ለማዶው ሰውዬ ሦስተኛ ልጅ እንደሆነ አገር ያውቀዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብሎ መንደሩ ተረተብኝ፤ የብብቴን የጣለው ግን ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ድልድል መጥቶ አያውቅም። ያኔ ያልተቆጠረ እስከ ዛሬ አልተቆጠረም።

ወገዳ ገባሁ። በሰው ቤት ሠራሁ፣ አረቄ ሸጥሁ፣ ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤት ሴት "አንቺ ጽሕፈት ታውቂ የለ፣ እስቲ ይህችን ማመልከቻ ጻፊልኝ" አለችኝ። ጻፍሁላት። ሌላዋ መጣች። ሲውል ሲያድር ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛና ጃንጥላ ይዤ ራፖር ጸሐፊ ሆንሁ። በመጀመሪያ ወንዶቹ ጸሐፊዎች ሳቁብኝ፤ ኋላ የከበደ ነገር ሲመጣ "ወደሷ ውሰደው" ይሉ ጀመር። የምጽፈው ሁሉ የአባቴ አነጋገር ነው፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ጭብጥ። በልቼ ያደርሁት በሱ ቃል መሆኑ ያንገበግበኛል።

የማዶው ሰውዬ ሦስተኛ ልጅም አንድ ቀን መጣ። ጎልማሳ ሆኗል። ወሰን ተገፋብኝ ብሎ ነው። የኔን ጉዳይ ይወቀው አይወቀው አልነገረኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። "ሕጋዊ ይዞታዬ የሆነውን ሁለት ጥማድ መሬት" ብዬ በእጄ ጻፍሁለት። አስፈረምሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ዓይኑን ሞራ ለበሰው። መሬቱን ለአራሽ ሰጥቶ እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ወንድሞቼ ባሕር ዳር ናቸው፤ ስልክ ይደውላሉ። እኔ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን እንግዳው ነበር። አባቴ በኔ ላይ የመሰከረው ነገር በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ተረት ሆኗል። ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ አማላጅ ሲላክ፣ "እንደሳቸው ነው እንጂ፣ በገዛ ልጃቸው ላይ የመሰከሩ" ይባላል። የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩት ይመጣሉ። "ያቺ ልጅ የት ደረሰች?" ብለው ሲጠይቁ ወጥ የምታወጣላቸው እኔ ነኝ።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ተመልሰን ቤት ሳለን፣ አዲስ የተመደበ ወጣት ዳኛ መጥቶ ጉልበቱን ስሞ ሄደ። "እንዳንቱ ያለ ዳኛ አሁን የለም" ብሎታል። አባቴ ፊቱ በርቶ ተቀምጧል። እኔ ጥፍሩን እቆርጥለታለሁ።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ጠይቂ።"

"ያን ቀን 'ዘመዴ ናትና አልመሰክርም' ብትል ምን ነበረበት? ችሎት ላይ የዘመድ ነገር ሲመጣ ስንት ጊዜ ተነሥተህ ወጥተሃል።"

ሌላውን እጁን አቀበለኝ። የረሳው መስሎኝ ነበር። "አስቤው ነበር" አለ።

"ታዲያስ?"

"ዝም ብል ልጁን ሊያስቆጥር ነው ይሉ ነበር።"

ምላጩን አስቀመጥሁ። "የሌላ ሰው ልጅ ብሆንስ? ሌላ ሰው ስለሌላ ልጅ ቢጠይቅህ ምን ትል ነበር?"

በማያይ ዓይኑ ወደ በሩ ያያል። እንደ ምስክር አላስቸኮልሁትም፤ ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

"ፈት ናት እል ነበር" አለ። "ሁለት ዓመት ባል የሌላት፣ ሽማግሌ ያሰናበታት ሴት ፈት እንጂ ምን ናት? በዚያው ምዝገባ ሰሞን ለአንዲት እንዳንቺ ላለች ሴት መስክሬላታለሁ። እሷም ወረቀት አልነበራትም።"

ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ነገረኝ። አውቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብሷን ጭና ገበያ ስትመጣ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ታልፋለች፤ ሰላም እንባባላለን።

ያን ሁሉ ዓመት ሕግ በደለኝ ብዬ ነበር የኖርሁት። ሕግ ደረቅ ነው፣ ሕግ ዓይን የለውም፣ አባቴም የሕግ ባሪያ ነው፣ ምን ያድርግ እያልሁ ራሴን አጽናንቻለሁ። በዚህ ነው ይቅር ያልሁት። ለካ ሕጉ በሁለቱም መንገድ ይሄድ ነበር። እኔን የሰረዘኝ ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት ነው። ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ከምሰማ ሕግ እንደጎዳኝ አምኜ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

የቀረውን ጥፍር ቆረጥሁለት። ስጨርስ እጁን ዘርግቶ ክንዴን ፈለገና ያዘኝ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ይኸን ነገር ለሰው አታውሪው" አለኝ።

አላወራሁም። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። እንግዳው መምጣቱን አልተወም፤ አባቴ ከተቀበረ በኋላ እንኳ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ያንኑ ታሪክ እየደጋገመ፣ እውነት እንዲያ ነበር ወይ፣ በገዛ ልጃቸው ላይ ይሉኛል። እኔም ወንበር እየሳብሁላቸው፣ አዎ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ነበር፣ ለማንም፣ እያልሁ መሰከርሁለት።